የጤና ጣቢያው ባለሙያና የኦንላይን ሥልጠና፦ ምን ሠራ፣ ምን ጎደለው?

ከኮሌጅ የወጣ የጤና ባለሙያ ወደ ምድቡ ይዞ የሚሄደው የተመረቀበትን ዓመት ሕክምና ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይለወጣል፣ መመሪያው ይሻሻላል፣ አንዳንዴም በሽታው ራሱ ጠባዩን ይቀይራል። በትልቅ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ጠዋት ጠዋት ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ሕሙማን ይወያያል፤ የከበደውን ስፔሻሊስት ጠይቆ ይረዳል። ከወረዳ ከተማ ርቆ ባለ ጤና ጣቢያ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ግን ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣባት የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ ላይኖር ይችላል። ኢንተርኔት ይህን ርቀት ያጠባል የሚለው ተስፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ተስፋው ምን ያህል እውነት ሆነ፣ የት ሠራ፣ የትስ ከሸፈ፣ እኛስ ምን እንያዝ የሚለውን ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕውቀት ለምን ያረጃል?

ወባን እንመልከት። ለብዙ ትውልድ የቆላ፣ የገጠርና የዝናብ ማብቂያ በሽታ ሆና ኖራለች፤ ትምህርቱም የተሰጠው እንዲሁ ነበር። በ2016 ግን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነች ትንኝ ተገኘች። ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር፣ በበጋም ጭምር ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ በደረቅ ወቅት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ከዚያ በፊት የተመረቀ ባለሙያ በበጋ ወር ከከተማ እምብርት ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ወባ ነው ብሎ ላይጠረጥር ይችላል። ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ የተማረው እውነት ሳይነገረው ስለ ተለወጠ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከማዋለጃ ክፍል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2023 ውጤቱ የታተመ ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት ነበር፤ ከ200,000 በላይ ወላዶችን አካቷል። አዋላጆቹ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በዓይን ግምት ሳይሆን ልኬት ባለው ፕላስቲክ ሰብስበው እንዲለኩ ተደረገ። ደሙ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ማህፀን ማሸቱን፣ የማህፀን ማጥበቂያ መድኃኒቱን፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰውን ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽና የደሙን ምንጭ ፍለጋ አንዱን ከአንዱ ሳያስጠብቁ በአንድነት ይጀምራሉ። ከባድ የደም መፍሰስ፣ በእርሱ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት አንድ ላይ ሲቆጠሩ በ60 በመቶ ቀነሱ። እነዚህ ሕክምናዎች ቀድሞም ይታወቁ ነበር። አዲስ የሆነው ደሙን በጊዜ መለየቱና ሁሉንም ባንዴ መጀመሩ ነው። ይህን ያልሰማች አዋላጅና የሰማች አዋላጅ የሚያዋልዷቸው እናቶች ዕድል አንድ አይደለም።

በእኛ አገር የመጣንበት መንገድ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት በሥልጠና የተሠራ ቤት ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ጀመረ። በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ወደ 40,000 ገደማ ደረሰ። በአደረጃጀቱ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግሉ ታስቧል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር አምስት ጤና ኬላዎች ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ሰው በየጊዜው ከአዲስ ዕውቀት ጋር ማገናኘት ቀላል ሥራ አይደለም።

ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ አዳራሽ ነው። ባለሙያዎች ከየወረዳው ተጠርተው በዞን ከተማ ሆቴል ይሰበሰባሉ፤ ቅድመ ፈተና ይወስዳሉ፣ ለቀናት ስላይድ ይከታተላሉ፣ ድኅረ ፈተና ይወስዳሉ፣ ሰርተፍኬትና አበል ይዘው ይመለሳሉ። በእነዚያ ቀናት ጤና ጣቢያው የተሻሉ ሠራተኞቹን ያጣል። ለሥልጠና የሚጠራውም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚመለከተው ሰው ሳይሆን ተራው የደረሰው ወይም ኃላፊው የመረጠው ነው። አበሉን ግን ማንም በንቀት ሊያየው አይገባም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የማይበቃው ነርስ የአበሉን ቀን ቢጠብቅ የሚያስወቅሰው የለም። የኦንላይን ሥልጠና ሲመጣ ይህ ገቢ አብሮ እንደሚቀር ያላሰበ ዕቅድ ግን ባለሙያው በልቡ የማይቀበለው ዕቅድ ይሆናል።

የርቀት ትምህርት ሙከራም አዲስ አይደለም። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና አምሬፍ ከተባለው የጤና ድርጅት እንዲሁም ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆኖ ሂት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ወደ ደረጃ አራት ለማሳደግ 13 ሞጁሎች ተዘጋጁ። ንድፈ ሐሳቡን ሠራተኞቹ ከታተመው ሞጁል በያሉበት እንዲያጠኑ፣ የተግባሩን ትምህርት ደግሞ በአካል እንዲማሩ ተደረገ፤ ሞጁሎቹም ለማንም ሰው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተቀመጡ። መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ወረቀት ታማኝ መሆኑን አዘጋጆቹ ተረድተው ነበር።

በ2013 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻን ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር አቆራኘው። ባለሙያው ፈቃዱን ለማደስ ነጥብ ማሟላት አለበት፤ ነጥቡን ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱም ዕውቅና ያለው የኦንላይን ኮርስ ነው። ኮቪድ መጥቶ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅት ጀምሮ ሁሉም ፊቱን ወደ ስክሪን አዞረ። ዛሬ ጥያቄው ኦንላይን ይግባ አይግባ ሳይሆን የገባው ምን አፈራ የሚለው ነው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በ2008 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የዴቪድ ኩክና የባልደረቦቹ ዳሰሳ 201 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። በኢንተርኔት የተማረ ምንም ካልተማረ በእጅጉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በኢንተርኔት የተማረና በሌላ መንገድ የተማረ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ትንሽና ወጥነት የሌለው ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን መረብ ተመራማሪዎች 16 የሙከራ ጥናቶችንና ከ5,600 በላይ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎችን ያካተተ ምርመራ አድርገው ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ ኦንላይን ከተለመደው ትምህርት ጋር ሲነጻጸር በባለሙያው ዕውቀትና ክህሎትም ሆነ በታካሚው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው፣ ወይም የለም።

ይህ ውጤት በሁለት መንገድ ይነበባል። ለገጠር ባለሙያ የምሥራች ነው፤ አዳራሽ ድረስ ሳይሄድ አዳራሽ የሄደውን ያህል ሊያውቅ ይችላልና። ኦንላይን በራሱ ተአምር ይሠራል ለሚል ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከአዳራሹ የሚበልጥ ውጤት አላሳየምና።

ለእኛ ዓይነት አገሮች ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የወጣው የአሌክሳንደር ሮውና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የጤና ባለሙያን አሠራር ለማሻሻል የተሞከሩ ዘዴዎችን በሙሉ አሰባስበው መዘኑ። ቴክኖሎጂ ብቻውን ሲሰጥ መሻሻሉ 1 መቶኛ ነጥብ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የታተመ ጽሑፍ ብቻ መስጠትም እንዲሁ። ሥልጠና ወይም ድጋፋዊ ክትትል ለየብቻቸው ከ10 እስከ 16 መቶኛ ነጥብ አሻሻሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ወደ 18 ከፍ አለ። ትልቅ ለውጥ ካሳዩት አንዱ ግን የአንድ ተቋም ሠራተኞች ተሰብስበው የራሳቸውን ችግር መርምረው መፍትሔ የሚሹበት ዘዴ ነው፤ ብቻውን በተሞከረበት ከ28 መቶኛ ነጥብ በላይ መሻሻል ታየ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአገራችን አባባል በቁጥር ተመስክሮለት አገኘነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ታብሌት አድሎ፣ ሊንክ ልኮ፣ ሰርተፍኬት ሰጥቶ መሄድ ከሁሉም ደካማው መንገድ ነው። ያው ታብሌት በክትትልና በቡድን ውይይት ሲታገዝ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ያፈሩ ሙከራዎች

ካፈሩት ሙከራዎች የመጀመሪያው ኢኮ የተባለው ፕሮግራም ነው። በ2003 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የጉበት ሐኪሙ ሳንጂቭ አሮራ የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች እርሱ ዘንድ ለመድረስ ረጅም መንገድ እየተጓዙና ወራት ወረፋ እየጠበቁ መሆኑ አሳሰበው። መፍትሔው ታካሚውን ማመላለስ ሳይሆን ዕውቀቱን መላክ ሆነ። በየሳምንቱ በቪዲዮ የገጠር ክሊኒክና የእስር ቤት ሐኪሞች የራሳቸውን ታካሚ ታሪክ እያቀረቡ ከስፔሻሊስቶች ጋር መወያየት ጀመሩ። በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ውጤት 407 ታካሚዎችን አካቷል። ከቫይረሱ የተፈወሱት በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ 57.5 በመቶ፣ በገጠሩና በእስር ቤቶቹ 58.2 በመቶ ነበሩ። ገጠሩ ከዩኒቨርሲቲው አላነሰም። እዚህ ላይ ስክሪኑ የሠራው ሰውን ከሰው ማገናኘት ብቻ ነው፤ ያስተማረው የታካሚው ጉዳይና በየሳምንቱ የማይቋረጠው ውይይት ነው።

ሁለተኛው ከራሳችን አገር ነው። በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ ባሉ አምስት ወረዳዎች፣ በ73 የጤና ተቋማት፣ ሴፍ ዴሊቨሪ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በሙከራ ጥናት ተፈተሸ። መተግበሪያው ማዋለድን፣ ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስን፣ መተንፈስ ያቃተውን አራስ መርዳትን በአጫጭር ሥዕላዊ ቪዲዮዎች ያሳያል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ አይፈልግም፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቷል። በ2016 ጃማ ፒዲያትሪክስ ላይ የታተመው ውጤት የአዋላጆቹ ዕውቀትና አራስን የማስተንፈስ ክህሎት ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላም ከፍ ብሎ እንደ ቆየ አሳየ። በወሊድ ዙሪያ የሚከሰት የሕፃናት ሞት መተግበሪያውን ባገኙት ዘንድ ከ1,000 ወሊድ 14፣ ባላገኙት ዘንድ 23 ነበር። ሆኖም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሞት መቀነሱ ተረጋግጧል ማለት አይቻልም። ይህ ጥናት ሊኮራበት የሚገባ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር ተሠርቶ ዓለም የተማረበት ማስረጃ ነውና።

ሦስተኛው ስለ እጅ ክህሎት ያስተምረናል። በሰሜን ታንዛኒያ ሃይደም ሆስፒታል ለአዋላጆች አራስን የማስተንፈስ የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። በአሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ አለፉ፤ በማዋለጃ ክፍል የሚሠሩት ግን አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ እንዲለማመዱ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ አራሶች ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። አራስን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ማስተንፈስን ማንም በቪዲዮ ብቻ አይማረውም፤ እጅ መልመድ አለበት፣ እየደጋገመም።

በስፋት ከተሠራባቸው መካከል ኬንያና ብራዚል ይጠቀሳሉ። በኬንያ ከ2005 ጀምሮ በአምሬፍና በአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት አማካይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶች ሥራቸውን ሳይለቁ በኮምፒውተር ማዕከሎች እየተማሩ ወደ ዲፕሎማ እንዲያድጉ ዕድል ተከፈተ። ትምህርቱ ደረጃ ያሳድግ ስለ ነበር ሰው ፈልጎ መጣ። ብራዚል በ2010 ለሕዝብ ጤና አገልግሎቷ የርቀት ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ መረብ አሰባሰበች። በ2013 ሐኪሞችን ወደ ራቁ ቦታዎች ስትልክም ከትምህርቱ ጋር ሱፐርቫይዘር አብራ መደበች። በሁለቱም አገር ኮርሱ ብቻውን አልተላከም፤ ዕድገት ወይም አስተማሪ አብሮት ነበር።

መሰናክሎቻችን

የእኛ ችግር ከኔትወርክ ይጀምራል እንጂ በኔትወርክ አያበቃም። ብዙ ጤና ኬላዎች አስተማማኝ መብራት የላቸውም። ባለሙያው ከኪሱ በሚገዛው ዳታ ረጅም ቪዲዮ ማውረድ ማለት ከእንጀራው መቀነስ ነው። ጦርነትም አለ። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። ባለሙያው ምክር አብዝቶ በሚሻበት ሰዓት መድረኩ ሁሉ ተዘጋ። በኔትወርክ ላይ ብቻ የቆመ ሥልጠና በክፉ ቀን የማይገኝ ሥልጠና ነው።

ቋንቋው ሁለተኛው ነው። የኦንላይን ኮርሶች አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ጤና መኮንኑ በእንግሊዝኛ ተምሯልና ይወጣው ይሆናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ስታስተምር ውላ ማታ በእንግሊዝኛ እንድትማር ትጠየቃለች።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ኦንላይን በፈለጉት ሰዓት ይማሩታል ይባላል፤ ያ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ የዕረፍት ሰዓት ነው። አብዛኞቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ ልጅና ጓዳ ይጠብቃቸዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጫነ ትምህርት የሚከብደው በእነርሱ ላይ ነው።

አራተኛውና እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ የፈቃድ ማደሻ ነጥብ ለነጥብነቱ ብቻ መሰብሰቡ ነው። የፈቃድ እድሳት ቀን ሲቃረብ በአንድ ሌሊት ስላይዱን በቶሎ እያለፉ፣ ጥያቄውን እየገመቱ፣ አንዳንዴም መልሱን ከቴሌግራም እየፈለጉ ሰርተፍኬት ማተም ይቻላል። ደንቡ ተሟላ፤ ባለሙያውም ታካሚውም ባሉበት ቀሩ። እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት ከዜሮ ይከፋል፤ የተማረ ያስመስላልና።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ፣ ከኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ተወስዶ ለእኛ ሁኔታ የተስማማው፣ ለዚህ ምቹ መነሻ ነው። ዘዴው የጤና ጣቢያው ሠራተኞች እዚያው በሥራ ቦታቸው ተሰብስበው በአጫጭር ክፍለ ጊዜ የታካሚ ታሪክ ይዘው መመሪያውን እንዲለማመዱበት ነው። የኦንላይኑ ኮርስ ከዚህ መመሪያ ጋር ገጽ ለገጽ ቢያያዝ ባለሙያው ማታ ያየውን ጠዋት በታካሚው ላይ ይሠራበታል።

የጤና ጽሕፈት ቤቶች በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ ለጋራ ትምህርት ይፍቀዱ። ያ ሰዓት ለጤና ጣቢያው ይበቃዋል፤ አምስቱ ጤና ኬላዎችም በስልክ ሊገቡበት ይችላሉ። ከሪፈራል ሆስፒታል አንድ ስፔሻሊስት በቪዲዮ፣ ኔትወርኩ ካልፈቀደም በድምፅ ብቻ፣ የጤና ጣቢያዎቹን ከባድ ጉዳዮች ይስማ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገራቸውን ለመርዳት መንገድ ሲሹ ይህ ሰዓት ከሚልኩት ዕቃ ሊበልጥ ይችላል፤ ከአገሪቱ መመሪያና በጤና ጣቢያው ካለው መድኃኒት ሳይወጡ ግን ይሁን። ባለሙያዎች አሁንም በቴሌግራም ይመካከራሉ። ይህን ልማድ ከመከልከል የታካሚው ስምና ፎቶ እንዳይወጣ ሥርዓት አበጅቶ መጠቀም ይሻላል።

ትምህርቱ የሚጫንና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ይሁን፤ ኔትወርክ ያለበት አንድ ስልክ ለሌሎቹ በሚሞሪ ካርድ ያካፍል። ቪዲዮው አጭር፣ ድምፁ በአካባቢው ቋንቋ ይሁን። ወጪውን ባለሙያው አይሸከም፤ ለአዳራሽ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለዳታና ለመለማመጃ አሻንጉሊት ይዋል። የፈቃድ ማደሻ ነጥቡም መሰጠት ያለበት በጥያቄ መልስ ብቻ አይደለም። የወረዳው ክትትል ቡድን በጤና ጣቢያው ተገኝቶ፦ አራሱን በመጀመሪያዋ ደቂቃ አስተነፈሰች ወይ? የደም ግፊት ታካሚው መዝገብ ላይ ቁጥሩ ወረደ ወይ? ወባው በመመሪያው ታከመ ወይ? ብሎ ያየው ነጥብ ይሁን።

ከብዙ አገር ተሞክሮ የምደመድመው ይህን ነው፦ የኦንላይን ትምህርት ለጤና ጣቢያው ባለሙያ መድረስ የሚችለው ሥራ ቦታው ድረስ ሲከተለው፣ የሚጠይቀውና የሚከታተለው ሰው ሲኖረው፣ እጁም ሲለማመድ ነው። ብቻውን የተላከ ኮርስ ሰርተፍኬት ያበዛል እንጂ ሕይወት አያድንም። ስለዚህ በጤና ሚኒስቴርም ሆነ በክልል ቢሮ፣ በሙያ ማኅበርም ሆነ በለጋሽ ድርጅት ሥልጠና የምታቅዱ ሁሉ ሪፖርታችሁ ላይ ስንት ሰው ኮርሱን ጨረሰ የሚለውን ብቻ አትጻፉ። ከኮርሱ በኋላ በዚያ ጤና ጣቢያ የታካሚው ዕጣ ምን ሆነ የሚለውን ጨምሩበት፤ ያን ያልመለሰ ሥልጠናም ገንዘብ እንዳይመደብለት አድርጉ።